ፌስታሉ ውስጥ ያለው ሕክምና፦ የጎንደር አረጋውያን በመንግሥትና በግል ተቋማት መካከል እንዴት ይመርጣሉ?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጋቢ የደረቡ አዛውንቶች አንድ እጃቸውን በከዘራ ወይም በልጅ ትከሻ ላይ አሳርፈው፣ በሌላው ፌስታል ይዘው ይገባሉ። ፌስታሉ ውስጥ ከአንድ የግል ክሊኒክ የተገኘ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ከሌላው የተነሣ ራጅ፣ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር፣ ከሦስት ቦታ የተገዛ መድኃኒት አለ። አንዳንዱ ወረቀት አራት ጊዜ ታጥፎ መሃሉ ተበስቷል።

«የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል?» የሚለው ክርክር በየቡናው ይነሣል። አንዱ በመንግሥት ሆስፒታል ተራ ጥበቃ የዋለበትን ቀን ያነሣል፤ ሌላው በግል ክሊኒክ ለምርመራ ብቻ የከፈለውን ብር ይቆጥራል። ፌስታሉ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ብዙዎቹ ሁለቱንም ረግጠዋል፤ ያውም በአንድ ወር ውስጥ። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብናደርገው ይሻላል፦ የትኛው ሕመም፣ በየትኛው ደረጃው፣ ወዴት ይሄዳል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

«የመንግሥት ሕክምና» ሲባል የትኛው ነው?

ብዙ ሰው «መንግሥት ቤት ሄድኩ» ሲል ትልቁን ሆስፒታል ማለቱ ነው። የመንግሥት ሕክምና ግን እንደ ፍርድ ቤት በደረጃ የተሠራ ነው። የድንበር ክርክር ያለበት ሰው ከወረዳ ፍርድ ቤት ይጀምራል እንጂ በቀጥታ ሰበር ችሎት አይቆምም። በሕክምናው የወረዳውን ቦታ የያዘው ጤና ጣቢያ ነው። ከእሱ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣል። ሪፈር የሚባለው ወረቀት ይግባኝ እንደማለት ነው፤ «ይህ ጉዳይ ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ የበላዩ ይየው» ይላል።

በአገሪቱ የጤና ሥርዓት አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ወደ 40 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ይቋቋማል፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው። ይህን ቁጥር ይዞ የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል ወረፋ ማየት ነው። ፒያሳ የሚኖሩት አዛውንት ከደባርቅ፣ ከጭልጋና ከመተማ ተጽፎላቸው ከመጡ ሕሙማን ጋር ነው የሚሰለፉት። የወረፋው መርዘም ሁልጊዜ ከሠራተኛው ስንፍና አይመጣም፤ አንዳንዴ የሂሳብ ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል አዘዞም ማራኪም የየራሳቸው ጤና ጣቢያ አላቸው። ደም ግፊት ለማስለካት፣ የስኳር መድኃኒት ለመውሰድ፣ የከረመ ሳል ለማስመርመር ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ከጎረቤት ሱቅ የሚገኘውን ጨው ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ እንደመውረድ ነው።

የግሉስ?

በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ተገድቦ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው የጤና ፖሊሲ በሩን ከከፈተ በኋላ ክሊኒኩ፣ ላቦራቶሪውና መድኃኒት ቤቱ በየከተማው በዛ። የግል ተቋማትም ደረጃ አላቸው። ሰው እስካሁን «መካከለኛ ክሊኒክ»፣ «ከፍተኛ ክሊኒክ» እያለ ይጠራቸዋል። አንድ ክሊኒክ የትኛውን አገልግሎት እንዲሰጥ እንደተፈቀደለት በፈቃዱ ላይ ተጽፏል፤ ፈቃዱም ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ከማስታወቂያው ሰሌዳ ይልቅ ይህን ወረቀት ማንበብ ይጠቅማል።

የግሉ ዋና ሸቀጥ ጊዜ ነው። ልዩነቱ ተራ ጠብቆ እንደሚሞላ ታክሲና እንደ ኮንትራት ባጃጅ ነው። ኮንትራቱ ከደጅ ያነሣል፣ ማንንም አይጠብቅም፣ ዋጋው ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ጉልበታቸው ለሚያማቸው ሰው ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው አለመንከራተት፣ ወንበር ማግኘት፣ «እማማ፣ ይግቡ» መባል ትንሽ ነገር አይደለም። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች ከሰባ ዓመት ሰው ጋር ካርድ ክፍል ቆመው አያውቁም።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ደግሞ ሐኪሙ ያው ሊሆን መቻሉ ነው። ጠዋት በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ስፔሻሊስት ማታ በግል ክሊኒክ ሊገኝ ይችላል። እዚያ የሚከፈለው ለተሻለ እውቀት ሳይሆን ለዚያው ሰው ጊዜ ይሆናል ማለት ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ በርም አለ። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ውጭ፣ በዚያው ግቢ፣ በራሳቸው ሐኪሞች በክፍያ ያክማሉ። «የግል ክንፍ» ወይም «ፕራይቬት ዊንግ» ይባላል። ከመደበኛው ይወደዳል፤ ነገር ግን መሣሪያውም፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉም፣ የሕመምተኛው መዝገብም በዚያው አለ። ሐኪማቸውን መምረጥ የሚፈልጉ አዛውንት ወደ ሌላ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ይህ መኖር አለመኖሩን ቢጠይቁ አይከስሩም።

«ልጆች ናቸው ያዩኝ» — ማስተማሪያ ሆስፒታል እንዴት ይሠራል?

የጎንደሩ ሆስፒታል እንደሌሎች ሆስፒታሎች ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው፤ በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ የተኙ አንድ አባት ዙሪያቸውን ስድስትና ሰባት ነጭ ጋወን ሲከባቸው የሚሰማቸው ነገር ይገባኛል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያንኑ ይደግማል፣ ሦስተኛው ሆዳቸውን ይዳስሳል፣ የጎንደር አባት ደግሞ ሰው ፊት ስለ ሽንታቸው መናገር ይቀፋቸዋል። ወጥተው «ልጆች መጫወቻ አደረጉኝ» ይላሉ።

የከበበው ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኢንተርን የሚባለው የሕክምና ትምህርቱን መጨረሻ ዓመት በሥራ ላይ የሚያሳልፍ ተማሪ ነው። ሬዚደንት ግን ሐኪም ሆኖ ተመርቆ አሁን ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ነው፤ «ልጅ» የሚመስለው ፊቱ ብቻ ነው። ከሁለቱም በላይ ሲኒየር የሚባለው ስፔሻሊስት አለ፤ አልጋ ላይ ያሉትን እየዞሩ በሚያዩበት ጊዜ የታችኞቹን ሥራ የሚያርመውና የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው እሱ ነው። አንድ ታሪክ ሦስት ጊዜ መጠየቅ አሰልቺ ነው፤ ያም ሆኖ ሁለተኛው ጠያቂ የመጀመሪያው የዘነጋውን ሊያገኝ ይችላል።

አዛውንቱ «ሲኒየሩ አይቶኛል?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። የሚያሳፍር ምርመራ ሲሆን ጥቂት ሰው ብቻ እንዲቀር መጠየቅም ነውር አይደለም።

የጤና መድኑ እንዴት ይሠራል? ምን ይሸፍናል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እድር ነው። እድርተኛ በየወሩ የሚያዋጣው ሰው ስለሞተበት አይደለም፤ የሞተበት ሰው ሲኖር ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም እንዲገኝ ነው። መድኑም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ደብተር ይሰጠዋል፣ የታመመ ሲኖር ውል በተገባባቸው ተቋማት፣ በአብዛኛው የመንግሥት በሆኑት፣ ይታከማል። አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች።

ቤት ውስጥ ሬሳ ካለ በኋላ እድር ልግባ የሚል ሰው እንደማይኖር ሁሉ፣ መድኑም የምዝገባና የእድሳት ወቅት አለው። በየዓመቱ ከሚሰማው ቅሬታ አንዱ ይህ ነው፦ «ሲያመኝ ሄጄ ደብተርዎ አልታደሰም አሉኝ።» ሰው ሁሉ የሚከፍለው ሲታመም ብቻ ቢሆን ግን የጤነኛው መዋጮ የሕመምተኛውን ወጪ መሸፈን ስለማይችል ገንዘቡ በአንድ ክረምት ያልቃል።

መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን ማኅበረሰቡ በቀበሌ መርጦ መንግሥት እንዲከፍልላቸው የሚደረግበት መንገድ አለ። ረዳት የሌላቸው አሮጊት ስማቸው እዚህ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይህ ሰው ነው። ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ወላጆች ደግሞ በልጃቸው ደብተር ላይ በራሳቸው ስም መስፈራቸውን ማየት አለባቸው። ለአካለ መጠን ለደረሰ ተጨማሪ ሰው ተጨማሪ መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል።

መድኑ ምርመራ፣ አልጋ፣ ላቦራቶሪና በተቋሙ ያለን መድኃኒት ይሸፍናል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፤ ለአረጋዊ ሁለቱም ዋና ነገሮች መሆናቸው ያሳዝናል። በግል ክንፍ መታከምንም አይመለከትም። ከሁሉ በላይ ደረጃውን ጠብቆ መሄድን ይጠይቃል። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ጤና ጣቢያውን ዘሎ ያለ ሪፈር ሆስፒታል የገባ ሰው ከወጪው ቢያንስ ከፊሉን ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

ትልቁ ምሬት «መድኃኒቱ የለም» የሚለው ቃል ነው። ደብተሩ አለ፣ ሐኪሙ አዝዟል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። በአንዳንድ ቦታ ከውጭ የተገዛው መድኃኒት ሂሳብ ይመለሳል ወይም ውል ካለው መድኃኒት ቤት ይገኛል። ለዚህም ተቋሙ መድኃኒቱ አለመኖሩን ያረጋገጠበት ማዘዣና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከመድኃኒት ቤት መውጣት ገንዘብ ጥሎ እንደመሄድ ነው።

ጡረተኛውስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ግራ ያጋባል። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን የታሰበው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ገበሬና ነጋዴ ነው። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጣ፤ በዝርዝሩም ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጣ ታሰበ። ይህ መድን ለረጅም ዓመታት በተግባር ሳይውል ቆየ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ካየነው፣ አርባ ዓመት ያስተማሩ መምህር «የእርስዎ መድን ሌላ ነው» የሚባሉበት፣ አትክልት የሚነግዱ ጎረቤታቸው ግን ደብተር የሚይዙበት ሁኔታ ተፈጠረ። ጡረተኛ በቀበሌው ምን ዓይነት ምዝገባ እንደሚፈቀድ በአካል ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ከጎረቤት የሰማውን ይዞ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ታዲያ የትኛው ሕመም ወዴት?

እኔ ነገሩን የምከፍለው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሕመም የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የዕድሜ ልክ?

ደም ግፊትና ስኳር የዕድሜ ልክ ናቸው። አንድ ቀን ኮንትራት ባጃጅ መያዝ ይቻላል፤ በየወሩ፣ እስከ ዕድሜ መጨረሻ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አባታቸውን በግል ያስመረምራሉ፣ ግፊት ይገኛል፣ ጥሩ መድኃኒት ይገዛል፣ ሦስት ወር ይቀጥላል። አራተኛው ወር ላይ ገንዘቡ ይሳሳል፤ አባትም «ምንም አይሰማኝም፣ ተሽሎኛል» ይላሉ። መድኃኒቱ ይቆማል። ደም ግፊት ግን ሲጨምር አይጮህም፤ ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። የሚሰማው በስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ) ወይም በኩላሊት በኩል ሲመጣ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም በቅርብ ያለ፣ በርካሽ የሚገኝ፣ መዝገብ የሚይዝ ጤና ጣቢያ ከሩቁ ጥሩ ክሊኒክ ይበልጣል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እማማ ባለፈው ቀጠሮ መቅረታቸውን ታያለች፤ ሑዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ የስኳር መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱ አስቀድማ ልትነግራቸው ትችላለች። በባዶ ሆድ የተዋጠ አንዳንድ የስኳር መድኃኒት ስኳሩን አውርዶ ራስን ያስታል። ረመዳን ለሚጾሙትም ነገሩ ያው ነው።

የዓይን ሞራ ከዚህ ይለያል። የአንድ ጊዜ ነገር ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ስላለ ለከተማው ሰው ሩቅ አይደለም። አደጋው ሁሉንም የዓይን መድከም «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» ብሎ መጠበቅ ነው። ግላኮማ የሚባለው ሕመም ዓይንን ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ የጠፋውን ብርሃን ደግሞ የሚመልስ ሕክምና የለም። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥቱ ቀጠሮ ከራቀ ለዚህ አንድ ምርመራ ለግል መክፈል ትርጉም አለው።

ስትሮክ ሲሆን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ፊት ሲጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ሰዓቱ ይቆጠራል። ሲቲ ስካንና የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል በቀጥታ መሄድ ነው። በሰፈር ክሊኒክ ግሉኮስ ተሰክቶ «ትንሽ ይረፉ» ሲባል የሚባክነው ሁለት ሰዓት አይመለስም። ስለ ግሉኮስ ካነሣን፣ አቅም አነሰኝ ያሉ አዛውንት ሁሉ የሚሰካላቸው ነገር እየሆነ መጥቷል። ስኳር ላለበትና ልቡ ለደከመ ሰው ግን ሊጎዳ ይችላል። «ጥሩ ክሊኒክ ነው፣ ግሉኮስ ሰጡኝ» የሚለው ምስጋና ያሳስበኛል።

የፕሮስቴት፣ ማለትም በወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ፣ ነገር ደግሞ በዝምታ የሚያልፍ ነው። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት የሚነሡ አባት «እርጅና ነው» ብለው ዓመት ያሳልፋሉ፤ ሽንቱ ጭራሽ ሲዘጋ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ለእሳቸው የመጀመሪያውን እርምጃ የሚያቀልላቸው የግል ክሊኒክ ጸጥታ ከሆነ፣ በዚያ ይጀምሩ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ወደ መንግሥት መመለስ ይቻላል።

ያው መድኃኒት ለምን ሁለት ዋጋ ይኖረዋል?

አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፤ ለምሳሌ ለግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን። ሌላው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው በራሱ ስም ነው፤ በግል ሲታዘዝ የንግድ ስሙ ሊጻፍ ይችላል፤ ዋጋው ግን ይራራቃል። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ስለሚገባ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ልዩነቱ በኪስ ላይ ይበልጥ ይሰማል። ፋርማሲስቱን «በራሱ ስም ያለው፣ ርካሹ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከዋጋው የሚብሰው ግን መደራረቡ ነው። በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። እናቴ ከመንግሥት ተቋም አንድ የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ከዘመድ ጋር ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው ሌላ ታዘዘላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸውን ያዞራቸው፣ ግድግዳ እየያዙ ይሄዱ ጀመር። ሁለቱን ፓኬት ጎን ለጎን አድርጌ ትንሹን ጽሑፍ ሳነብ ሁለቱም አምሎዲፒን ናቸው። የክሊኒኩ ሐኪም ጠይቋቸው ነበር። እሳቸው ግን «ምንም አልወስድም» ብለዋል። ለምን ብላቸው፣ «ሌላ ቦታ እታከማለሁ ብለው እንዳይቀየሙ» አሉኝ።

ለመሆኑ የሚመርጠው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ አረጋዊው አይደሉም። ገንዘቡን የሚልከው ልጅ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ በስልክ «የግል ውሰዷት» ይላል። ይህ ፍቅር ነው፤ ግን ለአንድ ቀን ምርመራ የሚልከው ብር በጤና ጣቢያ ለብዙ ወራት ክትትል ይበቃ እንደሆነ አይጠይቅም። ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ ሥራዋን ትታ ወረፋ የምትውለው እሷ ስለሆነች የግሉን ብትመርጥ አይፈረድባትም። የአስታማሚ ቀንም ወጪ ነው፤ ማንም ግን ደረሰኝ አይቆርጥለትም።

እማማም የራሳቸው ምርጫ አላቸው፤ ፀበል። ፀበሉንና መድኃኒቱን እንደ ባላንጣ አድርጎ ማቅረብ አዛውንቱን መድኃኒቱን እንዲደብቁ ብቻ ያደርጋቸዋል። ቤተ ክርስቲያኗ በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአባቶች አንደበት አስተምራለች። እንግዲህ ለሁለት ሳምንት ፀበል የሚወርዱ እናት የሁለት ሳምንት መድኃኒታቸውን ቋጥረው መሄድ ይችላሉ።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። የመንግሥቱ ሐኪም በግሉ የተሠራውን ላቦራቶሪ ካላየ እንደገና ያዛል፤ የግሉም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል መዝገብ የሚያመላልስ ሌላ ሰው የለም፤ መልእክተኛው በሽተኛው ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለቀጠሮ ዋዜማ ማታ ከቤቱ ማንበብ የሚችለው ሰው ፌስታሉን አልጋ ላይ ይገልብጠው። ወረቀቱን በቀን ቅደም ተከተል ይደርድር፤ የሚዋጠውን መድኃኒት ሁሉ ከነፓኬቱ፣ ከቅጠላ ቅጠሉ ጭምር፣ አንድ ላይ ያድርግ፤ የመድን ደብተሩ የታደሰበትን ቀን ይይ። የጠፋ ወረቀት ካለ ያኔውኑ እማማን መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍራሽ ሥር ይገኛል።